ከጅቡቲ ዳርቻ እስከ ሐዋሳ ሳሎን፦ የአንድ ቤት የኤንጅልፊሽ ርባታ ጉዳይ ጥናት

በአንድ ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ እንቁላል ተጣለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ነጭ ሆነው በሰበሱ። አራተኛው ተበላ። አምስተኛው በረሃብ፣ ስድስተኛው በብርድ አለቀ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ግን ለቁም ነገር በቁ። ይህ ሁሉ የሆነው ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከሚያዝያ 2015 እስከ መጋቢት 2016 ዓ.ም.።

የዓሦቹ ባለቤት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚሁ ነው። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ዓሣ በቤት ሳረባ ዓመታት አልፈዋል። ማስታወሻውን ግማሹን እሳቸው ይዘውታል፣ ግማሹን እኔ። ይህን የምጽፈው በየከተማው የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ገዝቶ፣ ዓሣ ጨምሮ፣ እንቁላሉ ለምን እንደሚጠፋበት ግራ ለገባው ሰው ነው። ለጋሼ ቤት ትልቁ እንቅፋት የሆነው ዓሣው ራሱ ወይም ገንዘብ አልነበረም። የዓሣው ስም ነበር፤ ኤንጅልፊሽ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ዓሦች አሉ፣ አንዱ የባሕር፣ አንዱ የወንዝ።

ጅቡቲ ላይ የታየው ዓሣ

ጋሼ ብዙ ዕድሜያቸውን የፈጁት በጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ጭነት እስኪደርሳቸው ሁለት ሦስት ቀን ሲጠብቁ ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዳሉ። አንድ ቀን ከዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ አጠገብ፣ ጥርት ባለ ውኃ ውስጥ፣ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ የሆነ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ዓሣ አዩ። ጎኑ ላይ ቢጫ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። «ልጄ፣ ከዚያ በኋላ ጅቡቲ በደረስኩ ቁጥር እሱን ሳልፈልግ ተመልሼ አላውቅም» ብለውኛል።

ያ ዓሣ በሳይንስ ስሙ ፖማካንተስ ማኩሎሰስ ይባላል። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገኝ የባሕር ኤንጅልፊሽ ነው። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ስልካቸው ላይ ስሙን ፈልጋ አገኘችላቸው። ምኞታቸው ግልጽ ነበር፤ ይህን ዓሣ ሐዋሳ ቤታቸው ውስጥ ማርባት።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጨው ነው። «ጨው ከሆነ የአፋር ጨው ሞልቶ የለም እንዴ?» አሉኝ። ግማሽ ከረጢት የአፍዴራ ጨው ገዝተው መጋዘን አስቀምጠዋል። የወጥ ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ በውስጡ ግን ከ1,200 ሚሊ ግራም በላይ ማግኒዥየም፣ 400 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ። የባሕር ዓሣ በወጥ ጨው ውኃ ውስጥ አይኖርም። «ታዲያ ውኃውን ራሱን ከጅቡቲ በጀሪካን ባስመጣስ?» አሉ። ይህ ዓሣ ሲያድግ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከ1,000 ሊትር ባነሰ ገንዳ ማስቀመጥ ዓሣውን መበደል ነው። 1,000 ሊትር ማለት 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ያውም ለአንድ ጊዜ ሙሌት ብቻ።

ከዚያ ወደ ርባታው መጣን። እዚህ ላይ ሰዓት ወስጄ አስረዳኋቸው፤ ምክንያቱም በኋላ የተሳሳትነው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ወሬያችን ነው።

የባሕር ኤንጅልፊሽ ጎጆ የለውም። ልጁንም አይጠብቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ ወንድና ሴት አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እንቁላልና ዘር ውኃው ውስጥ ለቀው ይመለሳሉ። እንቁላሉ ይንሳፈፋል። በትናንሾቹ ዝርያዎች ዘንድ አንዷ እንቁላል 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ትፈለፈላለች። የሚወጣው ነገር ገና ዓሣ አይባልም። የሚያይ ዓይን የለውም፣ አፍ የለውም። አፉ የሚከፈተው ሦስት ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ሲከፈትም በጣም ጠባብ ስለሆነ ምግቡ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። የሚስማማው የኮፔፖድ ጫጩት ነው። ኮፔፖድ የሽሪምፕ የሩቅ ዘመድ የሆነች፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር የውኃ ፍጥረት ናት። እሷን ለማርባት ደግሞ መጀመሪያ የምትበላውን አልጌ፣ ማለትም ውኃን አረንጓዴ የሚያደርገውን ጥቃቅን ዕፅ፣ ማርባት ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ዓሣ ለማሳደግ ሦስት እርባታ በአንድ ጊዜ መያዝ ነው። ጫጩቱ የዓሣ ቅርጽ እስኪይዝ ደግሞ እንደ ዝርያው ከሳምንታት እስከ ወራት ይፈጃል።

ይህን የቻሉ ሰዎች አሉ። አሜሪካዊው ማርቲን ሞ በ1970ዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ የባሕር ኤንጅልፊሽ አሳድጓል። ፍራንክ ቤንሽ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሃዋይ ውስጥ ትናንሾቹን ዝርያዎች ከእንቁላል አድርሷል። ካረን ብሪታይንም እዚያው ሃዋይ ብርቅ የሆኑትን አሳድጋለች። ሦስቱም የሠሩት ባሕር አጠገብ ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን።

ለጋሼ አንድ ነገር ደግሜ ነገርኳቸው። የባሕር ኤንጅልፊሽ አብዛኛው መጀመሪያ ሴት ነው። በቡድኑ ውስጥ ትልቋ ወደ ወንድነት ትለወጣለች። በዚህ በጣም ተገረሙ። ባለቤታቸውን ጠርተው ለእሳቸውም ነገሯቸው። ይህችን ወሬ ምን ያህል በልባቸው እንደያዟት ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው።

«እንግዲያው በወንዙ ኤንጅልፊሽ ልጀምር» አሉ በመጨረሻ። እኔም ደስ አለኝ።

ሦስት ነጭ እንቁላሎች

በጥር 2015 አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ሁለት ኤንጅልፊሽ ተገዛ። ሻጩ «ጥንድ ናቸው» ብሎ ነው የሸጣቸው። ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል 275 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደረሱ። ጋሼ 120 ሊትር መስታወት አዘጋጅተዋል። ሂተር፣ የስፖንጅ ፊልተር፣ የአየር ፓምፕ ሁሉም አለ። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ነው። ዓሦቹ ወፈሩ፣ ቀለማቸው ጠራ።

በሚያዝያ የመጀመሪያው እንቁላል ተጣለ። የፊልተሩ ቱቦ ላይ በተርታ፣ እንደ ዶቃ። በማግሥቱ ግማሹ ነጭ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ሁሉም ነጭ ሆኖ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ አወጣ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ጠሩኝ።

ጤነኛ እንቁላል እንደ ማር ያለ ጥርት ያለ ቀለም አለው። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሁሉም የሚነጣ ከሆነ ዘር አልደረሰውም ማለት ነው። ከመስታወቱ ፊት ተቀምጬ እንቁላል የሚጥሉበትን ሰዓት ጠበቅኩ። በዚያ ሰዓት ሆዳቸው ሥር አጭር ቱቦ ብቅ ትላለች። የወንዱ ቀጭንና ሹል ናት። የሴቷ ወፍራምና ጫፏ ድፍን ነው። በሌላ ጊዜ ወንዱን ከሴቷ መለየት እኔም አልችልም፤ ከዚያች ቱቦ ውጭ የታመነ ምልክት የለም።

ሁለቱም ወፍራም ነበሩ። ሁለቱም ሴት ናቸው። ወንድ ሲያጡ ሁለት ሴቶች ተጣምረው እንቁላል መጣላቸው በዚህ ዓሣ የተለመደ ነው።

ለጋሼ ስነግራቸው አልደነገጡም። «አውቄያለሁ» አሉኝ። «ትልቋ እስክትለወጥ እየጠበቅኩ ነው።»

ሦስት ወር ሙሉ ይጠብቁ የነበሩት ይህንን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስለ ባሕሩ ስነግራቸው «ይህ የዚያኛው ብቻ ነው» ብዬ አላሰመርኩበትም። የወንዙ ኤንጅልፊሽ ሴት ሆኖ ከተወለደ ሴት ሆኖ ይሞታል። ሁለቱን ዓሦች የሚያገናኛቸው የሰው ልጅ ያወጣላቸው ስም ብቻ ነው። በቤተሰብ አይገናኙም፣ በመኖሪያም፣ በአወላለድም።

የባለቤታቸው ወሬ

ይህን እየተነጋገርን ሳለ የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ቡና እያፈሉ ያዳምጣሉ። «ታዲያ ይሄ ዘመዱ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ዘመዱ ሐይቃችን ውስጥ ነው አልኳቸው። የወንዙ ኤንጅልፊሽ አገሩ የደቡብ አሜሪካው አማዞን ቢሆንም ቤተሰቡ ሲክሊድ ይባላል። ቆሮሶም (ቲላፒያ የሚባለው) ሲክሊድ ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በየቀኑ የሚሸጠው፣ ጥብስና ሾርባ የሚሆነው ያው ቆሮሶ።

እትዬ ሳቁ። ከዚያ ቆም ብለው እንዲህ አሉ፦ «አንዴ ቆሮሶ ሳጥብ አፏ ውስጥ እንቁላል አግኝቻለሁ። ዓሣ አስጋሪውን ስጠይቀው እናትየዋ በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው አለኝ። እንግዲህ ይሄም የዚያ ዘመድ ከሆነ ለልጁ ይሳሳል ማለት ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ሁሉ የመራን ይህ የእትዬ ንግግር ነው። የወንዙ ኤንጅልፊሽ እንቁላሉን በአፉ አይዝም፤ ግን ይጠብቃል፣ በክንፉ ውኃ ያራግብለታል፣ የነጣውን እየለቀመ ያወጣል። ጫጩቶቹ ሲወጡ በአፉ ይዞ ከቦታ ቦታ ያዛውራል። ያለ ጠባቂ ተንሳፍፎ ከሚቀረው የባሕር እንቁላል ፈጽሞ ሌላ ነው። ጋሼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከስልካቸው ላይ የባሕሩን ዓሣ ማንበብ ትተው የሲክሊድን ማንበብ ጀመሩ።

በሰኔ አራት ወጣት ዓሦች ጨመርን። ጥንድ መግዛት አያዋጣም፤ ስድስት አብረው አሳድጎ ራሳቸው እንዲመራረጡ መተው ይሻላል። በመስከረም 2016 ከአሮጌዎቹ ሴቶች አንዷ ከአዲሶቹ አንዱን መርጣ አንድ ማዕዘን ያዘች፤ ሌሎቹን ታባርራለች። ሌሎቹን አወጣናቸው።

ውኃው

የሐዋሳ ሰው የቧንቧ ውኃችን ጠባይ እንዳለው ያውቃል። በስምጥ ሸለቆ ነን። ጋሼ ቤት የለካነው ፒኤች (የውኃ አሲድነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ ነው) 8.3 ነበር። ለባሕር ዓሣ ይህ ቁጥር ትክክለኛው ነው። ለአማዞን ዓሣ ግን ከፍ ይላል። ለመኖር ይኖርበታል፤ ለእንቁላል ለስለስ ያለ ውኃ ይመረጣል።

መፍትሔው ከጣሪያ መጣ። በክረምት ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ ሮቶ ውስጥ አጠራቀምን። የመጀመሪያውን ዝናብ አቧራውን ይዞ እንዲሄድ እንለቀዋለን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እንይዛለን። ሁለት እጅ ዝናብ፣ አንድ እጅ ቧንቧ። የዝናብ ውኃ ብቻውን አይሆንም። ውኃውን አጽንቶ የሚይዝ ማዕድን ስለሌለው ፒኤቹ ባልታሰበ ቀን ሊወድቅ ይችላል። የቧንቧውን ውኃ ደግሞ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ በተከፈተ ባልዲ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን እናሳድራለን።

ቅልቅሉ 7.2 ላይ ቆመ። በጥቅምት አራተኛው እንቁላል ተጣለ፣ እንደ ማር ጠርቶም ዋለ። ሁለት ዓይን የመሰለ ጥቁር ነጥብ ሳይወጣበት በሁለተኛው ሌሊት ጠፋ። ወላጆቹ በልተውታል። ሳሎን ነው፤ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ የልጅ ልጆች መስታወቱን ያንኳኳሉ፣ መብራት በድንገት ይጠፋል። የተደናገጠ ወላጅ እንቁላሉን ይበላል። ወጣት ጥንድ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያትም ይበላል። በዚህ ብዙ አልተጨነቅንም።

አምስተኛው፦ በምግብ መሐል ረሃብ

አምስተኛውን በሰው እጅ ለማሳደግ ወሰንን። የወለል ሴራሚክ ቁራጭ መስታወቱ ላይ አጋድመን አቆምንላቸው፤ እዚያ ላይ ጣሉ። ሴራሚኩን እንዳለ አውጥተን 20 ሊትር መስታወት ውስጥ አስገባን። ሜቲሊን ብሉ ጠብ ጠብ አድርገን ውኃውን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ አደረግነው፤ ሻጋታ ይከላከላል። የአየር ቱቦውን አጠገቡ አቆምን፤ አረፋው እንቁላሉን ሳይመታ ውኃውን እንዲያንቀሳቅስ።

በ28 ዲግሪ፣ በ60 ሰዓት ገደማ ተፈለፈሉ። ወዲያው አይዋኙም። በጭንቅላታቸው ተጣብቀው ጭራቸውን ብቻ እያርገበገቡ አራት አምስት ቀን ይቆያሉ፤ ስንቃቸው ሆዳቸው ውስጥ ያለው አስኳል ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሁሉም ተነሥተው ይዋኛሉ። ጋሼ በዚያ ጠዋት ደውለው «ተነሡ! ሁሉም ተነሡ!» አሉኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ።

በአምስት ቀን ውስጥ አንድም አልቀረም።

ጋሼ ለሳምንታት አረንጓዴ ውኃ ፀሐይ ላይ ሲያዘጋጁ ሰንብተዋል። አልጌው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥሩ ነበር። ስለ 0.1 ሚሊ ሜትር አፍ የነገርኳቸውን ይዘው ነው። ለጫጩቶቹ በቀን አራት ጊዜ ያንን ይሰጣሉ። ግን ይህች ጫጩት የባሕሩ አይደለችም። ስትዋኝ ዓይኗ ያያል፣ አፏ ተከፍቷል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አሳዳ ትይዛለች። 0.4 እና 0.5 ሚሊ ሜትር መካከል ያለውን የአርቴሚያ፣ ማለትም የሽሪምፕ ዘመድ የሆነች የጨው ውኃ ፍጥረት፣ ጫጩት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ትውጣለች። አራት እጥፍ የሚበልጥ ምግብ ማለት ነው። አልጌው ለእሷ ምግብ ሳይሆን የውኃ ቀለም ነው። ሆዳቸውን በባትሪ ስናየው ባዶ፣ መስታወት የመሰለ ነበር።

እዚያ ላይ አብሬ ስለነበርኩ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አርቴሚያ ከውጭ እስኪመጣ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ምግቡ እጅህ ላይ ሳይኖር እንቁላሉን ከወላጁ መንጠቅ የለብህም። ትንሽ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በጨርቅ ጨምቀን ብንሰጥ እንኳ የተወሰኑት ይተርፉ ነበር፤ ውኃ ቶሎ ቢያበላሽም።

ስድስተኛውን ባጭሩ ልበለው። ኅዳር ነበር። የሐዋሳ ቀን ሙቅ ነው፤ የኅዳር ሌሊት ግን ይቀዘቅዛል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት መብራት ጠፍቶ እስከ ንጋት አልመጣም። 20 ሊትር ውኃ ቶሎ ይበርዳል። ጠዋት ቴርሞ ሜትሩ 20 ላይ ነበር፣ አየር ፓምፑም ቆሟል። አንድም እንቁላል አልተረፈም። ከዚያ በኋላ እትዬ አሮጌ ጋቢያቸውን ለመስታወቱ ሰጡ። መብራት ሲጠፋ በጋቢው ይጠቀለላል፤ ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ሙቅ ውኃ ተሞልቶ ይንሳፈፍበታል፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም ተገዛ። በሦስት ሰዓት ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ አይወርድም፤ ለክተነዋል።

ጨው ሥራ አገኘ

በታኅሣሥ አንድ ቆርቆሮ የአርቴሚያ እንቁላል ከዱባይ በሰው እጅ መጣ። አርቴሚያ የጨው ሐይቅ ፍጥረት ናት። እንቁላሏ ደርቆ ለዓመታት ይቆያል፤ ጨዋማ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል።

በአንድ ሊትር ውኃ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው ይበቃዋል። ለዚህ የወጥ ጨው ይሆናል። መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት የተቀመጠው የአፍዴራ ጨው ወጣ። ለመፈልፈያ የሚመረጠው ፒኤች ደግሞ ከ8 ከፍ ያለው ነው፤ የቧንቧ ውኃችን እንዳለ ተስማማው። ለአማዞኑ ዓሣ ያስቸገረን ውኃ ለአርቴሚያዋ ተስማሚ ሆነ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አይረሳኝም።

የለስላሳ ጠርሙስ ቂጡ ተቆርጦ ተገለበጠ። የአየር ቱቦ እስከ ታች ገባ፤ አረፋው በኃይል ያገላብጠዋል። ላዩ ላይ አምፖል በራ። በ27 ዲግሪ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ውኃው ብርቱካናማ ሆነ። አየሩን ስናቆም ባዶው ቅርፊት ላይ ይንሳፈፋል፣ ጫጩቶቹ ወደ ታች ይሰበሰባሉ። በቱቦ ስበን፣ ሁለት እጥፍ በሆነ ነጠላ አጥልለን፣ ጨዉን በንጹሕ ውኃ አጥበን ሰጠን። ቅርፊቱ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጫጩት ከዋጠው አንጀቷን ይዘጋዋል። ቆርቆሮው ከተከፈተ በኋላ እርጥበት እንዳይነካው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል።

ሰባተኛው እንቁላል ከፎቶ ላይ ስንቆጥረው 300 ገደማ ነበር። 190 ያህሉ ዋኙ። የመጀመሪያውን አርቴሚያ ከጨመርን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጋሼ ባትሪ አብርተው «ሆዳቸው በራ» አሉ። እውነትም እያንዳንዷ ሆድ የብርቱካን ጠብታ መስላለች። ይህ ምልክት ካልታየ ምግቡን አልበሉም ማለት ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን በአንድ ሌሊት 58 ሞቱ። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀን። ጥር ገብቷል፣ ዝናብ የለም፣ ሮቶው አልቋል። ጋሼ ሳይነግሩኝ ለጫጩቶቹ የቧንቧ ውኃ ብቻ መቀየር ጀምረዋል። በዚያ ላይ እንዳይራቡ ብለው አርቴሚያ ያበዛሉ፤ የአምስተኛው ሐዘን ገና ከልባቸው አልወጣም። የተረፈው ሞቶ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ ጉዳቱ በፒኤች ይወሰናል። በ28 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። 8.5 ላይ ከ15 በመቶ በላይ ይሆናል። ያው ቆሻሻ፣ ያው መጠን፣ በአንዱ ውኃ ምንም አይልም፣ በሌላው ይገድላል።

ያደረግነው ቀላል ነው። ምግቡን በትንሽ በትንሹ በቀን አራት ጊዜ አደረግነው። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ታችኛው ወለል በቀጭን ቱቦ ይጠረጋል። በየቀኑ ሲሶው ውኃ፣ በእኩል ሙቀት፣ ይቀየራል። ለማስተካከያ የሚሆን የዝናብ ውኃ ከእኔ ሮቶ በባጃጅ አመላለስን። ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን ከሁለት በላይ ሞቶ አያውቅም።

በአራተኛው ሳምንት ረጃጅም ክንፎቻቸው ወጡ። በስምንተኛው ሳምንት የአንድ ብር ሳንቲም አከሉ። 115 ቀሩ። ጥቂቶቹ ክንፋቸው የተጣጠፈ ነበር። እነሱን ማስወገድ እንደሚያስፈልግ፣ ለርባታም ለሽያጭም እንደማይሆኑ ነገርኳቸው። ጋሼ አልተስማሙም። ለብቻ መስታወት ሰጧቸው። በዚህ ልከራከራቸው አልፈለግኩም። ከጤነኞቹ ግማሹ ወደ ሆቴሎችና ወደ ሌሎች አርቢዎች ሄደ፤ ከሽያጩ የሂተሩና የፓምፑ ወጪ ተመልሷል።

ስምንተኛው

በየካቲት መጨረሻ ስምንተኛው ሲጣል እትዬ አንድ ነገር ጠየቁ፦ «ለእናትና ለአባቱ ብንተውላቸውስ?»

አደገኛ ነበር። የተፈተነው መንገድ እጃችን ላይ ነው፣ አርቴሚያውም አለ። ጋሼ ግን ወዲያው ተስማሙ። ቴሌቪዥኑ ወደ መኝታ ቤት ገባ። የመስታወቱ ሦስት ጎን በካርቶን ተሸፈነ። ሌሊት ወላጆቹ እንዳይደናበሩ ትንሽ አምፖል በርታ ታድራለች። እኛ የምናደርገው ምግብ መጨመርና ውኃ መቀየር ብቻ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ተፈለፈሉ። እናትየዋ አንድ በአንድ በአፏ እያነሣች ከሴራሚኩ ወደ ሰፊው ቅጠል አዛወረቻቸው። በማግሥቱ አባትየው ከቅጠሉ ወደ ቱቦው መለሳቸው። አንዷ ስትወድቅ ወርዶ ይለቅማታል፣ አፉ ውስጥ ያጥባታል፣ ወስዶ ይተፋታል። እትዬ ወንበር ስበው ከፊታቸው ተቀመጡ። «ይኸው፣ የቆሮሶ ዘመድ» አሉ።

መዋኘት ሲጀምሩ እንደ ደመና ወላጆቹን ተከትለው ዞሩ። ቁጥራቸው ከሰባተኛው ያነሰ ነው። መጋቢት መጨረሻ ላይ ስንቆጥር 41 ነበሩ፤ ክንፉ የተጣጠፈ ግን አላየንም። ጋሼ ማስታወሻቸው ላይ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ፒኤቹን ጽፈው ከሥሩ «በወላጅ ያደጉ» ብለው አሰመሩበት።